የጂቱ ድጋሚ ፈተና

«ፈተና እኮ እኔን ሲያይ ራሱ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው!» ትል ነበር ጂቱ፣ ቡራዩ አሸዋ ሜዳ በተከራየቻት ክፍል ደጃፍ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች። «አንዴ አልፌዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜም እደግመዋለሁ።»

ይህን ጉራ አፏን ከፍታ የምታዳምጠው የአከራይዋ ልጅ መቅዲ ነበረች። መቅዲ ገና አስራ ሁለተኛን መጨረሷ ነው። ጂቱ ደግሞ ሰበታ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ፋርማሲ ሁለተኛ ዓመት ደርሳ ነበር። ኮሌጁ የፋርማሲ ትምህርቱን ድንገት ሲዘጋው ወደ ቡራዩ ልትዛወር መጣች። የቡራዩው ኮሌጅ ሬጅስትራር ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግን ከወረቀታቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «አዲስም ሁኚ ተዛዋሪ፣ የመግቢያ ፈተናው ለሁሉም ነው» አሏት።

«እንዴ! ተፈትኜ እኮ ነው የገባሁት!»

«እዚያ። እዚህ አልተፈተንሽም።»

አለቀ። አባቷም ከተፍኪ ደውለው ቁርጡን ነግረዋታል። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ካልሆነ ነይና የአክስትሽን ሱቅ ጠብቂ። ሌላ ዓመት ብሎ ነገር የለም።»

ጂቱ ታዲያ ከማጥናት ይልቅ ለዚያው ፈተና የምትዘጋጀውን መቅዲን ማስጠናት መረጠች። አስተማሪነት ይመቻል፤ ማንም መልሶ አይጠይቅሽም። የድሮ ጥያቄዎች መጽሐፍ ይዛ፣ መልሱን ከጀርባ ሰረቅ አድርጋ እያየች፣ «ይቺማ ምን አላት፣ ሲ ነዋ!» ትላለች።

«ኧረ ጂቱዬ፣ ያንቺ ጭንቅላት ነው ወይስ ኮምፒውተር?» ትላለች መቅዲ።

የፈተናው ቀን፣ አብረው ስለተመዘገቡ አንድ ዴስክ ላይ ዳርና ዳር ተቀመጡ። ወረቀቱ እንደ ማትሪክ ኮድ አንድ፣ ኮድ ሁለት የለውም፤ የሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የሚፈትኑትም ሌላ ሰው አይደሉም፣ እኚያው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ናቸው። ጫማቸው በዴስኮቹ መሃል ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ጂቱ እንግሊዝኛውን እንደ ምንም ተሻገረችው። ሒሳቡ ላይ ስትደርስ ጉድ ፈላ። ሎጋሪዝም! ሃይስኩል ተዋውቀው፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም እንኳ ያልተባባሉ። ይሄ ወረቀት ደግሞ ከጀርባው መልስ የለውም። የቀራትን ትዝታ አሟጥጣ ሦስቱን ጥያቄዎች ሲ፣ ኤ፣ ዲ ብላ አጠቆረች።

ከዚያ ዓይኗ መቅላወጥ ጀመረ። የመቅዲ ወረቀት ላይ ደግሞ ቢ፣ ቢ፣ ኤ!

መቅዲ ትናንት ከሃይስኩል የወጣች ልጅ ናት፤ የእሷ ጭንቅላት ውስጥ ሁሉም ገና ትኩስ ነው። የአክስቷ ሱቅ ባንኮኒ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። «እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች በሆዷ። ይህችን ቃል ለሰው ተናግራት አታውቅም። ጫማው ወደ ኋላ እስኪርቅ ጠበቀች፣ ሦስቱንም በላጲስ አጠፋች፣ እንደ መቅዲ አጠቆረች።

ጫማው ቆመ።

«አንቺ! ባለ ቀይ ሹራቧ!»

ጂቱ ወረቀቷ ላይ ተደፋች። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያያት መሰላት።

«ቀና ብለሽ ተቀመጪ። ዓይንሽ ወረቀትሽ ላይ!»

«እ... እሺ።»

ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ጫማው አለፈ። መቅዲ ቀስ ብላ እጇን ዘርግታ የጂቱን ላጲስ ከዴስኩ መሃል አነሳች። ጂቱ ግን ከዚያ በኋላ አንገቷን ለማዞር ወኔ አልነበራትም።

ውጤቱ ከነትክክለኛ መልሶቹ በማግስቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። መቅዲ ለጥቂት አልፋለች። ጂቱ ለጥቂት ወድቃለች። ደጋግማ አየችው፤ በጣቷም ተከተለችው፤ ያው ነው።

«አንቺ ነሽ የጣልሽኝ!» ብላ መቅዲ ላይ ጮኸች። «የሎጋሪዝሙን ሦስቱንም ትክክል ጽፌ ነበር እኮ! ያንቺን አይቼ ነው የቀየርኩት! ደግሞ ማን ሆነሽ ነው አንቺ የምታልፊው? እኔ ያስተማርኩሽ ልጅ!»

መቅዲ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«እኔማ አምኜሽ፣ የራሴን በላጲስሽ አጥፍቼ፣ መጀመሪያ ያጠቆርሽውን ሦስቱንም ገልብጬ አለፍኩ። ራስሽን ያላመንሽው አንቺ፤ ምን ታፈጪብኛለሽ?»