ጂቡቲ ሩቅ ነው

ጋሽ አብዱልሐሊምን ስለ ጂቡቲ መንገድ መጠየቅ በራስ ላይ መፍረድ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከባድ መኪና የነዱበት ስለሆነ፣ የአፋርን ሀሩር፣ ድንበሩ ላይ ጋላፊ ኬላ ያደሩበትን ሰልፍ፣ የፈነዳውን ጎማ ሁሉ ሳይዘረዝሩ አይለቁም። መሪውን ትተው መርሳ ላይ ሱቅ ከከፈቱ ወዲህማ መንገዱ በየዓመቱ እየረዘመ ሄዷል።

ዘንድሮ ግን ወሬው ምክንያት ነበረው። ጂቡቲ ለሚኖር የባቲ ቤተሰብ የተዳረችው ልጃቸው ነኢማ አርግዛለች። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ባለቤታቸው ዘይነባ ቅቤውን አንጥራ፣ የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ እሳቸውም ሙክት አስረው ይጠብቃሉ። ወሩ ገፋ፤ ነኢማ ግን መጣሁ አትልም። ጎረቤት ሲጠይቃቸው፣ «በዚያ ሀሩር እርጉዝ ሴት እንዴት ብላ ትምጣ? ሩቅ እኮ ነው» ይላሉ። እንዲህ ሲሉ ራሳቸውም ትንሽ ይጽናናሉ።

አንድ ቀን ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል የሚሠራው የወንድማቸው ልጅ ጁነይድ ሱቅ ብቅ ብሎ ይህንኑ ሰማ።

«ጋሼ፣ በአውሮፕላን እኮ ከአዲስ አበባ ጂቡቲ አንድ ሰዓት ገደማ ነው» አላቸው።

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» አሉ። «አንድ ሰዓት ወልድያ እንኳ አያደርስም፤ መናኸሪያው ራሱ ይበላዋል።»

ጁነይድ ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። በአየር አምስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል። መነጽራቸውን አድርገው ደግመው አነበቡት። ደስ ሊላቸው ሲገባ ከፋቸው። ነገሩ የአንድ ሰዓት ከሆነ፣ ልጅቱ የቀረችው ስላልፈለገች ነዋ። ሱቁን ለጁነይድ ትተው ጓሮ ገቡና ደወሉላት። ሰላምታውን እንኳ አላስረዘሙም።

«አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት ነው አሉኝ፣ ነኢማ። ታዲያ ለምን ቀረሽ? ቤታችን አስጠላሽ?»

ነኢማ ግን «ማን ሊወስደኝ መጣ፣ አባ?» አለቻቸው።

እውነቷን ነው። እርጉዝ ልጅን ወላጆቿ ሄደው ያመጧታል እንጂ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ብቻዋን አትመጣም። አገር የሚያውቀው ወግ ነው፤ ታላቅ እህቷን እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ሐራ ያመጧት ራሳቸው ነበሩ። ነኢማን ግን ሩቅ ናት ብለው እሷ እንድትመጣ ቁጭ ብለው ጠበቁ።

«አማቴ ወገን የለሽም ወይ ትለኛለች» አለች ነኢማ። «ሩቅ ሆኖባቸው ነው እላታለሁ። አሁንማ ወሩ ገፍቶብኛል፤ አውሮፕላንም አያሳፍረኝም።»

ጋሽ አብዱልሐሊም አፈሩ። ሃያ ዓመት የተመላለሱበትን አገር፣ ለልጃቸው ሲሆን ሩቅ አሉት።

«እኛ እንመጣለን፣ እናትሽና እኔ» አሉ። «ለዑምራ ያወጣነው ፓስፖርት አለ። ቅቤውንም እህሉንም ይዘን በዚህ ሳምንት እንነሳለን፣ ኢንሻአላህ።»

«እውነትዎን ነው፣ አባ?»

«ወላሂ።»

ትሳቅ ታልቅስ አልለየላቸውም።

«እንግዲያ ስልኩን አይዝጉት» አለች። «አማቴ እዚሁ አጠገቤ ናት። እርስዎ ራስዎ ይንገሯት።»