የካሊፓ አርባ ሜትር

የቶክሞክን ከተማ አልፈዋል፣ ቶክሞክን ካለፉ ደግሞ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው፣ ሚኒባሱ አሮጌ ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሹፌሩ ለሽንት ካቆመላቸው ሁለት፣ አሥራ አንድ አሮጊት ጭኖ ሳያቆም አይመጣም፣ ይቁም፣ እንደውም ጎማው ይተንፍስ፣ ውይ ምላሴን ይቁረጠው፣ የእናቴን ገላ ያጠቡ ሴቶች ናቸው፣ የኔን ሥራ እናያለን ብለው ከመንደራችን ከኮችኮር ሳይነጋ የተነሱ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ቢሽኬክ አዳራሽ መሃል ቆሜ ጎማ አስተነፍሳለሁ። አሥሩ ይምጡ። ኡልካን አፓ ብቻ ይቅሩ፣ ጉልበታቸውን ያዝ ያድርጋቸው፣ ትንሽ፣ ቤት የሚያስቀራቸውን ያህል።

አይቀሩም። ስልሳ ዓመት የእናቴ ጎረቤት የነበሩ ሴትዮ በጉልበት ሕመም አይቀሩም። ይሄንን ጨርቅ ከኔ ሌላ የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሳቸው ናቸው፣ ከእናቴ ጋር አብረው ነው የገዙት፣ በሶቪየት ጊዜ፣ ሰልፍ ተሰልፈው፣ አንዷ ሲደክማት ሌላዋ እየቆመች፣ እናቴ ያኔ ሃምሳ ዓመቷ ነው፣ ሃምሳ ዓመቷ ላይ ለቀብሯ የሚሆን ጨርቅ ገዝታ እየሳቀች ቤት ገባች፣ ይኸው ሞቴን አሳመርኩት አለችን፣ እኛ ልጆቹ አለቀስን፣ እሷ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችው።

አሁን ከፊቴ ተሰቅሏል። አርባ ሜትር። ከጣሪያ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ ጣሪያ፣ እየወጣ እየወረደ፣ ነጭ መደብ ላይ ትናንሽ ሰማያዊ አበባ፣ አልተቀደደ፣ አልተሰፋ፣ በሩ ሲከፈት ብቻ ትንሽ ነቅነቅ ይላል። አጠገቡ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ የጻፈው ኤርኪን ነው፣ የአውደ ርዕዩ አዘጋጅ፣ ለጽሑፍ እጁ የማይታማ። ያልተቀደደ፣ ይላል ርዕሱ። በኪርጊዝ ባህል ዕድሜ የጠገበች ሴት ስታርፍ ጨርቅ ተቀድዶ ለቀብር ለመጡ ሴቶች ይታደላል፣ ዕድሜዋ ይደርሳቸው ዘንድ፣ አርቲስቷ ይህን ስጦታ በመንፈግ ስለ ሞት ያለንን እሳቤ ትሞግታለች። በመንፈግ። ምስኪን፣ አላወቀም እኮ፣ ጽንሰ ሐሳብ መስሎት ነው። እናቴ ለሥራሽ ይሁንሽ ብላ ተወችልኝ አልኩት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ። ለጋዜጠኞቹም እንደዚያው። ጨርቁን ለገዛው ሙዚየም ሰዎችም እንደዚያው፣ ሐሙስ ታሽጎ ባሕር ማዶ ይሄድላቸዋል፣ ለዘለዓለም፣ ሙቀቱ በተመጠነ ክፍል ውስጥ።

ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ፣ ይሄ አዳራሽ በሙሉ ምንድነው፣ ከአልማቲ የመጣው ልጅ ከቄራ የለቀመውን የፈረስ መንጋጋ እንደ ግድግዳ ደርድሯል፣ የካራካልፓኳ ልጅ ከደረቀው ባሕር ባመጣችው ጨው ጀልባ ሠርታለች፣ የላሆሩ ሰውዬ በሠርግ ቤት የተጠጣ ሻይ ቅጠል ሰብስቦ አድርቆ ምንጣፍ አንጥፏል፣ ሸራና ቀለም የሚባል ነገር የለም፣ ሁላችንም የሰው ነገር እያነሳን ነው፣ ፈረሱን ማን አስፈቀደው። አዎ ግን፣ እላለሁ ለራሴ፣ ሻይ ቅጠሉ ተጠጥቶ ያለቀ ነው ቡሩል። ጨዉንም ባሕሩ ትቶት ነው የሄደው። አንቺ ሰው ሊጠጣ ሲል ከእጁ ነጥቀሽ ነው። ዝም በይ። አንቺ ራስሽ ዝም በይ።

ሳጥኑን የከፈትኩት እናቴ በሕይወት እያለች ነው። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለራሴም በትክክል አልተናገርኩም፣ ሁልጊዜ ከሞተች በኋላ አድርጌ ነው የማስታውሰው፣ አይደለም፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነው፣ እሷ ምድጃው አጠገብ ተኝታ እያሳለች፣ እኔ ጓዳ ነኝ፣ የሳጥኑ ማጠፊያ ይጮሃል፣ ስለዚህ ሳሏን እጠብቃለሁ፣ ስትስል ትንሽ ከፈት አደርጋለሁ፣ ዝም ስትል አቆማለሁ፣ እንደገና ስትስል እንደገና ከፈት፣ በእናቴ ሳል ተከልዬ ሰረቅኩ። በምትኩ ከዶርዶይ ገበያ ያመጣሁትን ጥቅል አስገባሁ፣ እሱም ነጭ፣ እሱም ሰማያዊ አበባ፣ ከሩቅ ላየው ሰው አንድ ነው፣ ናይሎን ይሁን ምን ይሁን አልመረመርኩም። የያኔው አውደ ርዕይ ሲያልቅ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። እውነቴን ነው። ለሦስት ወር ብቻ።

ጨርቁን በወሰድኩ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች።

በሰባተኛው ቀን ይመስለኛል፣ እናቴ በስልክ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ ቡሩል ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አየሽው? አየሁት አፓ። ለሁሉም ይበቃል፣ ለክቼዋለሁ፣ ያኮረፈችኝ ብትኖርም እንዳታልፊያት። እሺ አፓ። እሺ አልኩ። መሞቷን ወንድሜ ደውሎ ሲነግረኝ ጨርቁ እዚሁ ቢሽኬክ፣ መሥሪያ ክፍሌ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ ተሰቅሎ ነበር። ሰቅዬ ልሞክረው ብዬ ማታውን የሰቀልኩት። አራት ሰዓት መንገድ ነው፣ ማውረድና መኪና ውስጥ መክተት አሥር ደቂቃ፣ ጫማዬን እያሰርኩ አየሁት፣ የጠዋት ፀሐይ አርፎበት ነበር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም፣ እናቴ ሞታ እኔ ጨርቅ አያለሁ፣ በሩን ቆልፌ ባዶ እጄን ወጣሁ። ረሳሁት ማለት እችላለሁ። ድንጋጤ ነው ማለት እችላለሁ። አልረሳሁትም።

ከዚያ ቀብሩ። ግቢ ውስጥ በተተከለው የሱፍ ድንኳን ሴቶቹ ተቀምጠው፣ ወንዶቹ ከመቃብር ተመልሰው፣ ሴት ልጇ ነኝና መቅደዱ የኔ ነው፣ ጥጥ ጨርቅ ጫፉን በጥርስ ነከስ አድርገሽ ሳብ ካደረግሽው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ያኛውን የዶርዶዩን ነከስኩት፣ ሳብኩት፣ ተለጠጠ፣ እንቢ አለ። ሰማንያ ሴት እያየኝ። እንደገና ነከስኩ፣ ድዴ ደማ፣ አንዷ መቀስ አቀበለችኝ፣ በቀብር ጨርቅ ላይ መቀስ፣ ከኋላ አንድ ሰው ኤዲያ አለ፣ እኔ ግን ቆረጥኩ፣ እየቆረጥኩ አደልኩ። መጀመሪያ የተቀበሉኝ ኡልካን አፓ ናቸው፣ ቁራጩን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት፣ ግንባራቸውን አስነኩት፣ ዕድሜዋ ይድረሰን አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ምንም አላሉም። እኔ ደግሞ አላወቁም፣ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል አልኩና በሰላም ተኛሁ፣ በሰላምም ባይሆን ተኛሁ።

ቡሩል! ኤርኪን ነው፣ እየሮጠ፣ መጡልሽ፣ ኧረ ግሩም ናቸው፣ ሁሉም ነጭ ሻሽ፣ ፎቶ አንሺውን ጠርቼዋለሁ፣ አንቺ ብቻ እንደ ወትሮሽ ሁኚ። እንደ ወትሮዬ። ጎማው አልተነፈሰም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቦርሶክ፣ የዘይት ጥብስ ዳቦ፣ ይዘው መጥተዋል፣ ከረጢቱ በዘይት ወዝቷል፣ ዘበኛው ምግብ አይገባም ይላል፣ ሂድ ወዲያ አንተም ብላ ይሉታል፣ ቦርሶኩ አፉ ውስጥ ሲገባ ዝም ይላል፣ አንቺ ልጅ ምነው ከሳሽ፣ እዚህ አገር ምግብ የለም እንዴ፣ ጉንጬን ይስሙኛል፣ እና ይሄ ምንድነው፣ የፈረስ አጥንት? ይሄን ሁሉ ፈረስ ማን በላው፣ እኛን ሳይጠሩን! ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ እየሳቅኩ እቆጥራለሁ። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንደኛዋ በምርኩዝ፣ ቀስ እያሉ፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ፣ ቀጥ ብለው ወደ ጨርቁ።

ኡልካን አፓ ጨርቁ ፊት ቆመዋል። አልነኩትም። ከታች ወደ ላይ ያዩታል፣ ከላይ ወደ ታች ያዩታል፣ ምርኩዛቸውን ያጋድሙና ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ። እማማ ወለሉ ላይ መቀመጥ አይቻልም፣ ይላል ዘበኛው፣ ሌሎቹ አሥሩም ይቀመጣሉ። መዳፋቸውን ዘርግተው ለእናቴ ለካሊፓ ዱዓ ያደርጋሉ፣ አሚን፣ ሁሉም ፊታቸውን ይዳብሳሉ፣ እኔም እዳብሳለሁ፣ ላብ ነው እጄ ላይ የቀረው። ፎቶ አንሺው ያነሳል። ኤርኪን እንባው መጥቷል፣ እሱ እንባው ቅርብ ነው።

ያኔ ከአሥሩ አንዷ፣ ባትማ አፓ። ባትማ አፓ ጆሯቸው አይሰማም፣ ስለማይሰማም የሚያወሩት ሁሉ በጩኸት ነው፣ ይሄማ ጨርቅ ነው! እውነተኛ ጥጥ! ካሊፓ ነፍሷን ይማርና ለኛም እንዲህ ያለ ብታደርግልን ምን ነበረበት! ላስቲክ አድላን ሄደች! ባትማ ዝም በይ ልጇ እዚሁ አለች፣ ይላሉ አጠገባቸው ያሉት፣ ምን? ሐሰት ተናገርኩ? ለልጅ ልጄ ልጅ ብርድ ልብስ ላይ ሰፋሁት፣ ካውያ ሳሳርፍበት ቀለጠ! ሰማንያ ሰባት ዓመት የኖረች ሴት ለገዛ ቀብሯ እንዲህ ትሰስታለች!

እናቴ ሰሰተች። እናቴ። ላሟ ስትወልድ የመጀመሪያውን ወተት ለጎረቤት ሳትልክ የማትቀምሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄ ነው ስሟ፣ እኔ ጨርቅ መስሎኝ፣ የወሰድኩት ጨርቅ ብቻ መስሎኝ፣ እዚህ መብራት አስተካክላለሁ፣ በመንደሬ እናቴ ገብጋባ ተብላ ተቀምጣለች፣ መልስ መስጠት በማትችልበት ቦታ ሆና።

መቀሱን ስታነሺ ነው ያወቅሁት፣ ይላሉ ኡልካን አፓ፣ ቀስ ብለው፣ ለኔ ብቻ፣ ዓይናቸው ጨርቁ ላይ ነው፣ የካሊፓ ጨርቅ መቀስ አይፈልግም። ታዲያ ለምን አልተናገሩም አፓ። ምን ልበል? ልጇ ሌባ ናት ልበል? አርጅታ፣ ዓይኗ ደክሞ፣ ተሳስታ የገዛችው ነው አልኳቸው፣ አላመኑኝም፣ ካሊፓ በጨርቅ አትሳሳትም አሉ፣ ሰስታ ነው አሉ። በየቀብሩ ጨርቅ በተቀደደ ቁጥር እሷን ያነሷታል። እኔም ጠበቅኩሽ፣ ዛሬ ትመጣለች ነገ ትመጣለች እያልኩ፣ እንደዚህ ሰቅለሽው ትጠብቂኛለሽ ብዬ ግን አልገመትኩም።

እቀደዋለሁ። አሁን፣ እዚሁ፣ ለሁሉም፣ ሙዚየሙ ይክሰሰኝ፣ ኤርኪን ይበድ፣ ጫፉን እይዛለሁ፣ ወደ ጥርሴ አስጠጋለሁ፣ በዓይኔ ጠርዝ ፎቶ አንሺው ተንበርክኮ ሲያነጣጥር አየዋለሁ፣ እና አስባለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ አስባለሁ፣ ብርሃኑ ከግራ ነው፣ ነጭ ሻሾቹ ከኋላ፣ ጨርቁ ጥርሴ ላይ፣ እንዴት ያምራል። እንዴት ያምራል ብዬ አስባለሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ። ምን ዓይነት ፍጥረት ነኝ እኔ።

ኡልካን አፓ እጄን መታ ያደርጉታል። ልቀቂው፣ ይላሉ፣ ጨርቁ የትም አይሄድም፣ ጊዜው ሲደርስ እንቀደዋለን። መጀመሪያ ስሟን መልሺላት።

ስሟን። ስለዚህ ሥራ በሦስት ቋንቋ ተናግሬአለሁ፣ ስለ ባዶነት፣ ስለ ትውስታ፣ ስላልተሰጠ ስጦታ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳልደናቀፍ፣ አሁን የምፈልገው የሰፈሬን ቋንቋ ነው፣ ኤርኪን በምልክት ምንድነው ይለኛል፣ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አድርጓል፣ እንኳን ዝቅ አደረገ። እናቴ አልሰሰተችም እላለሁ። ይሄ ነው የእናንተ ጨርቅ። እኔ ሰርቄያችሁ ነው። ድምፄ የሌላ ሰው ነው፣ የትንሽ ልጅ ነው፣ ግን ወጥቷል፣ አልኩት፣ ኤርኪን ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፉን ዞሮ ያያል፣ ቦርሶክ ስታኝክ የነበረችው ማኘኳን አቁማለች፣ አለቀ፣ ተናገርኩ፣ ተገላገልኩ።

ምን አለች? ይላሉ ባትማ አፓ። ምን አለች? ምነው ሁላችሁም ዝም አላችሁ? አልሰማሁም እኮ፣ ጮክ በይ ልጄ!

ማንም አይነግራቸውም። ኡልካን አፓም አይነግሯቸውም፣ አሥሩም ዓይናቸው እኔ ላይ ነው፣ ይጠብቃሉ። በጉልበቴ ሄጄ ባትማ አፓ አጠገብ እደርሳለሁ፣ ሻሻቸውን ከጆሯቸው ገለል አደርጋለሁ፣ አፌን አስጠጋለሁ፣ እና እጮሃለሁ፣ እኔ ነኝ ሌባዋ ባትማ አፓ፣ እናቴ አይደለችም፣ እኔ ነኝ፣ ይሰማዎታል? እኔ ነኝ!