መጽሐፉ ይናገር

ጅግጅጋ አጠገብ ባለችው በቀብሪበያ ከተማ ልጆች ሲያጠኑ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ቁርዓን ቤት ሉሕ ከሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ጮክ ብለው እያዜሙ ያደጉ ናቸውና፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡም ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም እንደዚያው በዜማ ያስኬዱታል። የባዮሎጂ መምህርቷ አመለወርቅ ከደብረ ብርሃን ተመድባ በመጣች ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ከየግቢው የሚወጣውን ድምፅ ሰምታ የጸሎት ሥነ ሥርዓት ያለ መስሏት ነበር። ጆሮዋን ጣል ብታደርግ የሚዜመው የእሷው ትምህርት፣ የሴል ክፍፍል ነው። ያን ቀን ብቻዋን መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ግን ያንን ዜማ ሳትሰማ ከዋለች አንድ ነገር የጎደለባት ይመስላታል።

ጣጣውን ያመጣውም ይኸው ዜማ ነው።

ሀሊሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ዐርዶ እሷን ስትወልድ ስለሞተች ያሳደጓት አያቷ ዋርፋ ናቸው። ዋርፋ በከተማው የተከበሩ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ክፉ ቃል ከአፋቸው ባለመውጣቱ ነው። ኩታቸውን ያኘከችባቸውን ፍየል እንኳ «አላህ ይምራሽ» ብለው ሲያልፏት ብዙ ሰው አይቷል። አገሩ ይህን ትዕግሥት ብሎታል።

አንድ ቀን ታዲያ ከናይሮቢ አንድ ነጋዴ ዘመድ መጥቶ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ዋርፋ ግቢ ተሰበሰቡ። ሀሊሞ ከጓዳ ሆና ታጠናለች። ዋርፋ ኩራት ያዛቸውና፣ «የልጅ ልጄ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። ነይ፣ አሰሚያቸው!» አሏት። ልጅቱም ወጥታ ያን ሳምንት የተሰጣትን፣ አመለወርቅ ከሰጠቻት የባዮሎጂ አጋዥ መጽሐፍ ስለ ሰው ልጅ መራባት የሚናገረውን ምዕራፍ፣ አንዲት ቃል ሳትገድፍ አዜመችው። ሽማግሌዎቹ በየመሀሉ «ማሻአላህ!» ይላሉ። እንግሊዝኛ የሚሰማው የናይሮቢው ሰው ብቻ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ቀጥሎ መሬት መሬት ማየት ጀመረ፤ ቀጥሎ ሳል ያዘው። በመጨረሻ አላስችል ብሎት ወደ አንዱ ሽማግሌ ጆሮ ጠጋ አለና ልጅቷ ምን እያለች እንደሆነ ተናገረ።

ምስጋናው እንዴት እንደቆመ ለመናገር እንኳ ይከብዳል። ሀሊሞ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች።

ሽማግሌዎቹ በዋርፋ ስም ለትምህርት ጽሕፈት ቤት አቤት አሉ። ብዙም ሳይቆይ «አጋዥ መጽሐፉ ተገቢ ያልሆነ ይዘት ስላለው ከመማሪያ ክፍል ይውጣ» የሚል ትዕዛዝ መጣ። ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ነው። አመለወርቅ ጅግጅጋ ተመላልሳ፣ በር አንኳኩታ ለምና፣ በሚኒባስ ጣሪያ አስጭና ያመጣችው ነው። የመንግሥቱ መማሪያ መጽሐፍ ለሁሉም አይዳረስም፤ የደረሰው ደግሞ ገጹ ተገንጥሏል። የመልቀቂያ ፈተናው ደርሷል፤ ልጆቹ ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ለፈተናው የሚቀመጡበት ቀን ቀርቧል። መጽሐፎቹ ከሄዱ ልጆቼ በባዶ እጃቸው ነው የሚሄዱት እያለች አመለወርቅ እህል አልበላ አላት። ከሁሉ ያንገበገባት ግን የሀሊሞ ነገር ነው። ያቺ ሰፈሩን በድምፅዋ የምትሞላ ልጅ አሁን ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ነበር የምታነበው።

መጽሐፎቹን ሊወስድ የመጣው ይሁን የሚባል የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ፒካፑን ግቢው በር ላይ አቆመና እቅጩን ነገራት። «እህቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው። ከሳሾቹ ክሱን ካነሱ ባዶዬን እመለሳለሁ። ካላነሱ ግን እጭናለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠዋል። አመለወርቅ ካርቶኑን አሸክማ፣ ይሁንን አስከትላ ስትደርስ ዋርፋ በበትራቸው ምንጣፉን ጠቆሙ። ርዕሰ መምህሩ ዲሪዬ ንግግራቸውን ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ ይመልስላት ጀመር።

«አንዱን መጽሐፍ እዚህ መሀል ላይ አስቀምጪው ይላሉ። ተከሳሽ ነው። በእኛ ወግ ተከሳሽ ሳይናገር አይፈረድበትም፤ ሲናገርም አይቋረጥም። ያስከሰሰውን ገጽ አንብቢለት ብለዋል።»

አመለወርቅ ደነገጠች። ልትለምን እንጂ ልታነብ አልመጣችም። መጽሐፉን ግን አነሳችና ማንበብ ጀመረች። ዲሪዬ ወደ ሶማሊኛ ይመልሳል፤ ይመልሳል ከተባለ። እሷ ሦስት መስመር ስታነብ እሱ አፍሮ ግማሽ ቃል ተናግሮ ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

ዋርፋ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። ከዚያ ሁሉም እንዲገባት ብለው በገበያ አማርኛቸው ተናገሩ። «ዲሪዬ! አንተ የተከሳሹን ምላስ ለምን ትቆርጣለህ? ያለውን በል!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ዲሪዬም ላቡን ጠረገና፣ እንደ ምንም ብሎ፣ ያለውን ማለት ጀመረ።

ቀስ በቀስ ሳቁ ቀዘቀዘ። ሰው የሚባለው ፍጥረት ከዓይን ከማይታይ ነጥብ መነሳቱን፣ ገና የምስር ፍሬ ሳያህል ልቡ መምታት መጀመሩን፣ በጨለማው ውስጥ ጣት አውጥቶ ጣቱን መጥባቱን ሲሰሙ፣ አንዱ ሽማግሌ «ሱብሃነላህ» አለና አፉን በእጁ ያዘ። አመለወርቅ ይህን ገጽ ስንት ዓመት አስተምራዋለች፤ ለፈተና የሚሆነውን አስምሩበት እያለች። አሁን ግን የገዛ ድምፅዋ ለራሷ አዲስ ሆነባት። ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ይህን ሁሉ ታምር በእጄ ይዤ ነበር እንዴ የከረምኩት አለች በልቧ።

ቀጥሎ ሥዕል ያለበት ገጽ መጣ። መጽሐፉን አዙራ አሳየቻቸው። የማህፀን ሥዕል ነው፤ ሕፃኑ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ተኝቷል። ዓይኑን የሰበረ አልነበረም። ሁሉም ጠጋ አሉ።

ዋርፋ ጣታቸውን ሳያስነኩ ወደ ሥዕሉ ጠቆሙ። «ይህ ምንድን ነው? በሩ ላይ የተኛው?»

«የእንግዴ ልጁ ነው፣ አባባ። ቦታው ወደ ላይ ነበር፤ አንዳንዴ ግን ወደ ታች ወርዶ መውጫውን ይዘጋል። ያኔ...» መጽሐፉን ተመለከተች። «ያኔ መውለጃዋ ሲቃረብ እናቲቱ ምንም ሳያማት ደም ይፈሳታል። ቶሎ ሐኪም ካልደረሰላት ደሟ አልቆ ትሞታለች። ከማንም ጥፋት የሚመጣ አይደለም፤ እንዲሁ የሚደርስ ነው።»

ዲሪዬ ተረጎመ። ዋርፋ ወደ ሥዕሉ ይበልጥ ተጠጉ። ከዚያ «ምንም ሳያማት?» አሉ።

«አዎ።»

«ደግመሽ አንብቢው።»

ደገመችው። እንደገና አሏት፤ እንደገና አነበበች። ሽማግሌው በትራቸውን አጠገባቸው አስቀመጡ። ሲናገሩ በሶማሊኛ ነበር፤ ዲሪዬም በአማርኛ አቀበላት።

«ልጄ ዐርዶ ያለ ፈቃዴ አገባች ይላሉ። ተቆጥቼ ረገምኳት። ሀባር ነው ያወረድኩባት፣ የአባት እርግማን። ዓመት ሳይሞላ፣ ያለ አንዳች ሕመም፣ ቁጭ ባለችበት ደም ፈሰሳት። ጅግጅጋ ስንደርስ ሕፃኗ ተረፈች፤ እሷ አልተረፈችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፍየል ላይ እንኳ ክፉ ቃል አላወጣሁም። ሰው ትዕግሥተኛ ይለኛል። ልጁን በአፉ የገደለ ሰው ነኝ ብዬ ነው እንጂ ትዕግሥት አልነበረም።»

 ይሁን ሳያስበው ቆቡን አውልቆ ይዟል።

ዋርፋ ወደ አመለወርቅ ዞሩ። በአማርኛ ነበር የጠየቋት፤ አስተርጓሚ አልፈለጉም። «መዓሊመድ፣ አንቺ መምህርት፣ እውነቱን ንገሪኝ። የገደላት ምላሴ አይደለም?»

«አይደለም፣ አባባ» አለች። እንባዋ ቀደማት። «ምላስዎ አይደለም።»

 ሽማግሌው ተነሱ፣ ከትከሻቸው ላይ ኩታቸውን አወረዱ፣ ጎንበስ ብለውም መጽሐፉን ጠቀለሉበት። ዲሪዬ ወደ አመለወርቅ ጠጋ ብሎ፣ «ካሣ ነው» አላት በሹክሹክታ። «በሐሰት የተከሰሰ ሰው እንዲህ ይካሳል።» መጽሐፍ በሽማግሌ ኩታ ሲካስ አመለወርቅ በሕይወቷ አላየችም፤ ታያለች ብላም አላሰበችም።

«ክሱን አንስቻለሁ» አሉ ዋርፋ ለይሁን። «ሀሊሞን ጥሩልኝ።»

ሀሊሞ ከክፍል ተጠርታ፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ መጣች። የተከሰሰችው እሷ መስሏት ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

«አዎዌ፣ አያቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ያን ቀን ያሰማሽንን አሰሚን» አሏት አያቷ። «አንቺም እናትሽ በምን እንደሞተች እወቂው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በይው። ዲሪዬ አንዲት ቃል አይዘልም።»

ልጅቷ አመለወርቅን አየች። አመለወርቅ ራሷን ነቀነቀች። ሀሊሞ ጀመረች፤ መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ኋላ ግን ያ የቁርዓን ቤት ዜማ ራሱ እየጎተታት ከፍ እያለች ሄደች። እንግሊዝኛው ግራሩን አልፎ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር አልፎ፣ እስከ መንገዱ ተሰማ። የእንግዴ ልጁ ጋ ስትደርስ ዲሪዬ ተርጉሞ ሳይጨርስ ድምፅዋ ተቋረጠ። አሁን ገና ገባት። ዋርፋ እጇን ያዙ።

«ቀጥይ» አሏት። «ተከሳሹን አታቋርጪው።»

ቀጠለች። ይሁን ካርቶኑን ከምንጣፉ ላይ አነሳና፣ ተሸክሞ፣ ወደ መማሪያ ክፍሉ ሄደ።