የቱሬ ግማት

እኔ ንጹሕ ሰው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ስሠራ አንድ ደብዳቤ አላቆሸሽኩም። ጥቅል የማስረው በሲባጎ ነበር፤ ሁለቴ አዙሬ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አሹልኬ። በከተማችን ያለ ሰው ሁሉ ቋጠሮውን ሲያይ «ይሄ የሬይኖ እጅ ነው» ይል ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ከቱሬ ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ ማደር ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ምን ማለት እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው።

ቱሬ የእህቴ የአይሊ ባል የነበረው የዌንዴል ውሻ ነበር። ዌንዴል ኅዳር ላይ ሞተ። አይሊ ደግሞ ቤቷን ለቃ ዱሉዝ ከተማ ልትገባ ነው፤ የምትገባበት ሕንፃ ውሻ አያስገባም። ዐሥራ አንድ ዓመት የሞላውን፣ አንድ ዓይኑን ሞራ የጋረደውን ውሻ ማን ይወስዳል? ወይ እኔ ጋ ይኖራል፣ ወይ ሰኞ የእንስሳት ሐኪሙ መርፌ ወግቶ ይገድለዋል። ሌላ መንገድ አልነበረም።

«ሦስት ቀን ብቻ አብረኸው ሁን» አለችኝ አይሊ። «በረዶው ከሐይቁ ላይ ለቋል። እንደ ድሮው በታንኳ እንውጣ። ስንመለስ አልፈልገውም ካልክ አንድ ቃል አይወጣኝም።»

«አሁኑኑ ልንገርሽና ድካሙ ይቅርብን። አልፈልገውም።»

«አንተ ደግሞ ማንን ፈልገህ ታውቃለህ? ተነስ፣ ዕቃህን ሸክፍ።»

ወጣን። አይሊ ከፊት ትቀዝፋለች፣ እኔ ከኋላ እመራለሁ፣ ውሻው መሀል ተጋድሟል። አባታችን ልጆች ሳለን ያወጣው ሕግ አለ፤ ከፊት የተቀመጠ ሰው ወደ ኋላ አይዞርም። ታንኳ ለመገልበጥ ሰበብ አይፈልግም፣ የግንቦት ውሃ ደግሞ በረዶው ገና መልቀቁ ስለሆነ የገባበትን ሰው ብዙ አያቆየውም። ስለዚህ አይሊ በስድሳ ሁለት ዓመቷም ሐይቅ ላይ የምታወራኝ ጀርባዋን ሰጥታ ነው። ስትሰድበኝም እንደዚያው።

ታንኳውን ተሸክመን ወደሚቀጥለው ሐይቅ የምንሻገርበት መንገድ ላይ፣ ጥላው ስር ገና በረዶ ነበር። እዚያ አንዲት ሙስ ሞታ አገኘን። ሙስ እንግዲህ ፈረስ የሚያህል አጋዘን ነው፤ ይቺኛዋ በበረዶው ወራት ረኃብ ወድቃ፣ በረዶው ሲቀልጥ የወጣች ናት። ሁለት ንስሮች ጎኗ ላይ ቆመው ይቦጫጭቃሉ። አይሊ መነጽሯን አውጥታ «ሬይኖ፣ እየው ያንን ነጭ ራሱን!» ስትል ቱሬ መሀላችን አልነበረም። ንስሮቹ ተነሡ። ቱሬ በጀርባው ተጋደመና ቆዳው የተቀደደው የሙሷ ሆድ ውስጥ ተንከባለለ። በግራ ጎኑ፣ በቀኝ ጎኑ፣ አንገቱን ሳይቀር። ከዚያ ተነሥቶ ደስ ብሎት መጣና አጠገቤ ቆሞ ሰውነቱን አራገፈ።

አፌ ክፍት ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም።

«ሽቶውን ተቀብቶልሃል እኮ!» አይሊ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ለትውውቅ ነው።»

«ኤጭ! ይሄ ውሻ አይደለም፣ የሚሄድ ቄራ ነው።»

ማታ ዝናብ ጣለና ከድንኳኑ ውጭ እንዲያድር ማድረግ አልተቻለም። እርጥብ ጸጉር፣ የበሰበሰ ሥጋ፣ የውሻ ትንፋሽ። ጠዋት ከጆሮው ሥር ዐሥራ አራት መዥገር ለቀምኩ፤ ዐሥራ አምስተኛው በእኔው ብብት ውስጥ ነበር። በዚያው ቀን አንዲት ሙስ፣ በሕይወት ያለች፣ ረጃጅም እግሮቿን እያነሣች ከውሃው ዳር ወጣች። ጥቁርና ነጭ የሆኑት ትልልቅ የውሃ ወፎች ከወዲያ ማዶ እንደሚያለቅስ ሰው ይጣራሉ። እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ነበር ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው። እኔ ሙሷን አያለሁ፣ ቱሬ ኋላዋ ሄዶ ፋንድያዋን ይበላል።

«አይሊ፣ ይሄን ፍጥረት ፊቴን ሲልሰኝ አየሽ? ቅድም። በዚሁ አፉ።»

«ዌንዴልን ሃያ ጊዜ በቀን ይልሰው ነበር። አልሞተም በሱ።»

 

በዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ሁለት ዓሣ ያዝኩ። እኛ ቤት የዓሣ ሆድ ዕቃ ከሰፈርንበት አጠገብ አይጣልም። አባታችን ምንም ቢደክመው ማዶ ወዳለችው ደሴት ቀዝፎ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ለወፎች ትቶት ይመለስ ነበር። ዛሬ የደን ጠባቂዎቹ ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩ ይላሉ። የሆነው ሆኖ፣ ድብ ባለበት አገር ሆድ ዕቃ ድንኳን ሥር የሚያሳድር ሰው የለም። እኔ ግን ጉልበቴ አሞኝ ነበር፣ ነፋሱም ይገርፋል። ሆድ ዕቃውን በዳቦው ላስቲክ ውስጥ ከተትኩ፣ አፉን በሲባጎ አሰርኩ፣ ከድንኳኑ ሠላሳ እርምጃ ርቄ አንድ የጥድ ሥር ውስጥ ወሸቅኩት። ጠዋት አሻግረዋለሁ ብዬ።

«ደሴቷ ላይ አደረስከው?» አለች አይሊ፣ ድስቱን እያጠበች።

«አዎ» አልኩ።

ሲነጋ አይሊ ገንፎ እያማሰለች ነበር። ድቡ ከጥዱ በኩል መጣ። የበረዶውን ወራት ሙሉ ተኝቶ የከረመ፣ ቆዳው የተንጠለጠለ ከሲታ ድብ። አይሊ ከእጇ ማማሰያው ወደቀ። ድቡ በሁለት ክንድ ርቀት አልፏት ሄዶ የምግብ ቦርሳችንን ዘረጠጠ፣ ያመጣነውን ሥጋ በአፉ ይዞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ጫካው ገባ። እኔ ድስትና ክዳን እያጋጨሁ ስጮህ ነበር። ቱሬ? ቱሬ ድቡ ከሄደ በኋላ ከዛፎቹ መሀል አፉን እየላሰ መጣና ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ጮኸ።

ሄጄ ጥዱን አየሁ። ላስቲኩ የለም። ድቡ ወስዶታል አልኩ፣ በልቤ።

ስመለስ አይሊ መሬት ላይ ተቀምጣለች። «ድቡ በቱሬ ግማት ነው የመጣው» አለች። «ያንን በድን ለብሶ ሁለት ቀን ሙሉ... እኔ ነኝ ያመጣሁት። አንተ ልክ ነበርክ ሬይኖ። ሰኞ እወስደዋለሁ።»

የቱሬን ራስ ዳበሰች። ከዚያ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገች።

የሆድ ዕቃውን ነገር አልነገርኳትም። የፈለግኩትን አግኝቻለሁ። አፌ ግን ምረት ምረት አለኝ፤ ምራቄን ብተፋም አልሄደም።

ምግብ ስለሌለን በጊዜ ተነሣን። አይሊ ከፊት፣ ውሻው መሀል፣ እኔ ከኋላ። ሐይቁ መሀል ስንደርስ ቱሬ ተነሥቶ ወደ እኔ ዞረ። ሆዱ ተኮማተረ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ጫማዬ ላይ ዘረገፈው። ገና ያልተፈጨ የዓሣ አንጀት፣ ቅርፊት፣ አረንጓዴ ሐሞት፣ ፋንድያ። መሀሉ ላይ የተቦጫጨቀው የዳቦ ላስቲክ፤ አፉ ላይ ሲባጎ። ሁለቴ የዞረ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የሾለከ።



«ምን አደረገ?» አለች አይሊ። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ መቅዘፊያዋን ሳታቆም።

ታንኳው ውስጥ የገባ ውሃ የምንጨልፍበት ቆርቆሮ እጄ ሥር ነበር። አንድ ጊዜ ዝቄ ወደ ሐይቁ ብደፋው አለቀ። አይሊ አትዞርም፤ በሕይወቷ ዞራ አታውቅም። ቱሬ በዚያች በምታየው አንድ ዓይኑ ያየኛል፣ አገጩ ላይ ቅርፊት ተለጥፏል።  ከሽታው የባሰ የቀፈፈኝ ግን ያ ያማረ ቋጠሮ ነበር።

«አይሊ» አልኩ፣ «ዞረሽ እዪ።»

«እብድ ነህ? ልትገለብጠን ነው?»

«እኔ እይዘዋለሁ። ቀስ ብለሽ ዙሪ።»

ዞረች። ታንኳው ተናጠ፣ ቆመ። እጄን ትውከቱ ውስጥ ከትቼ ላስቲኩን በሲባጎው አንጠልጥዬ አወጣሁት። ያንጠባጥባል። ብዙ ጊዜ አየችው። እኔን አየችኝ። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ እንደገና እንዳታየኝም እለምናለሁ።

«ታዲያ ሰኞ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሐኪሙ ጋ የምወስደው ማንን ነው?»

ወደ ፊቷ ዞረች። እስከ ዳር ድረስ ቀዘፈች። ቱሬ ግን አገጩን ከነቅርፊቱ ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። አላነሣሁትም።

ቤት እንደደረስን ሳውናውን፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ክፍሌን፣ አንድጄ፣ መጀመሪያ እሱን አጠብኩት፣ ከዚያ ራሴን። ሦስት ጊዜ። ቱሬ ይኸው አሁንም ጠረጴዛዬ ሥር ተኝቷል። ይሸታል።