ሳይጠራ የተወረወረ

ዱላው የጋሽ ዝምታ ክንድ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ቀጭ አለ።

«በሕግ አምላክ!» ሽማግሌው ጮኹ። የማጥመጃ ዘንጋቸው ከእጃቸው አምልጦ ሐይቁ ዳር ባለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ተንከባለለ። ዝምታ የተባሉት አፋቸው ከነጋ እስኪመሽ ስለማይዘጋ ነው። አሁን ግን ክንዳቸውን አቅፈው ቁጭ ሲሉ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። አጠገባቸው የሚያጠምደውን ቀዮን ያሳበደው ይኼ ነው።

ዱላውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። የመታቸው የቪላው ጥበቃ ግን የቀዮ አማች ነው፤ የታናሽ እህቱ ባል። ባለቪላው ሐይቁ ዳር ግንቡን ሲያቆም ፈልጎ የቀጠረው እሱን ነው፤ ባልና ሚስቱ የሚኖሩትም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን እዚሁ ድንጋይ ላይ ከቀዮ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሞ ዓሣ ያጠምድ ነበር። በሬ ካራጁ ይውላል አሉ!

ባለቪላው የዳርቻውን መንገድ በሽቦ ካጠረ ወዲህ ነገሩ ፍርድ ቤት ነው። ዳኛዋ ክርክሩ እስኪያልቅ አጥማጆቹ ድንጋዩ ላይ መቆም ይችላሉ ብለዋል፤ ከእነሱ ወገን ሰው ሆን ብሎ ጉዳት ካደረሰ ግን መንገዱ በዚያው ቀን ይዘጋል። ከጥቁሩ ድንጋይ ወዲያና ወዲህ ያለው ውሃ ደግሞ ደለልና ሣር ነው፤ መንጠቆ አያስገባም። እንጀራቸው ያቺ ድንጋይ ናት። ስለዚህ ሲሰደቡ እንዳልሰሙ ሆነው፣ ውሻ ሲለቀቅባቸው ድንጋዩ ጫፍ ላይ ተኮልኩለው ከርመዋል። ባለቪላውም ይኼን ያውቃል፤ የሚጠብቀው አንድ ቡጢ ብቻ ነው።

«አንተ! ሽማግሌ ትመታለህ?» አለ ቀዮ። «እጅህን ይቁረጠው!»

«ተነሡ ብያለሁ! ለምኛለሁ፣ እግራችሁ ሥር ወድቄያለሁ!» አለ ጥበቃው። «ዛሬ ካላስነሣኋችሁ እቃችሁን ይዛችሁ ውጡ ተብያለሁ። እህትህ ሜዳ ላይ ትደር? ይኼን ነው የምትፈልገው?»

«የእህቴን ስም በአፍህ አታንሣ!»

ባለቪላው በረንዳው ላይ ቆሞ በስልኩ ይቀርጻል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማችሁም?» ብሎ ጮኸ። ከግንቡ ሥር አካፋ ይዘው የቆሙት የቀን ሠራተኞቹ ሳቁ። «ምን ትጠብቃለህ አንተ ሰውዬ? ጠራርግልኝ እንጂ!»

ቀዮ ጡጫውን ጨብጦ ጨብጦ ለቀቀው። መምታት አይችልም። ቢያንስ አልነሣም ብሎ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ፤ መንጠቆው ላይ ትል ሰካና ዘንጉን አነሣ።

አጥማጆች አንድ ሕግ አላቸው። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይጥሰውም። ዘንግ የሚወረውር ሰው ከመወንጨፉ በፊት «ኋላ!» ብሎ ይጠራል። ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሄድ መንጠቆው የት እንደሚደርስ አይታይማ! «ኋላ» ሲባል ከኋላ ያለው ሰው ቁጢጥ ይላል። ካልተባለ እንደ ልቡ ይራመዳል። ቀዮም ሆነ አማቹ በእንቅልፋቸው እንኳ ቢሰሙት አንገታቸውን ይቀብራሉ። የማያውቅ ሰው ዘንግ ሲያይ ይርቃል፤ የሚያውቅ ሰው ግን ካልተጠራ አይፈራም።

ከኋላው የጫማ ድምፅ መጣ። ቀኝ እግሩን ጎተት የሚያደርገው አማቹ እንደሆነ ቀዮ ዞር ሳይል አወቀ። በጣም ቀርቧል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያ ቀጭ ያለው አጥንት ግን አሁንም ጆሮው ውስጥ አለ።

ቃሉን ዋጠው። ወነጨፈ።

ክሩ ወደ ፊት አልመጣም። መንጭቆ ተወጠረ፤ ከዚያ ከኋላው ጆሮ የሚቀድ ጩኸት ተሰማ።

ጥበቃው በጉልበቱ ወድቋል። መንጠቆው ግራ ዓይኑ ላይ፣ ከሽፋኑ ሥር ገብቷል። ደሙ በጣቶቹ መሃል እየወረደ ኮሌታውን አራሰው።

«ሆን ብሎ ነው!» የቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን እያወዛወዙ ተንደረደሩ።

«ጠርቷል! በጆሯችን ሰምተናል!» አጥማጆቹ ፊት ለፊት ገጠሟቸው። ማንም አልሰማም፤ ግን ሌላ ምን ይበሉ? ድንጋይ ዘነበ። አንዱ አጥማጅ አካፋ ጭንቅላቱን ፈንክቶት ውሃው ውስጥ ተዘረረ፤ ጓደኛው የመቺውን ጥርስ በቡጢ አረገፈው። አንዱ አንዱን አንቆ ድንጋዩ ላይ ያጋጨዋል። የከረመ ቂም ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ።

ቀዮ መሃላቸው ተንበርክኮ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «አትጎትተው! እጅህን አንሣ፣ ይቀደዳል!»

«ቀዮ...» ጥበቃው እጁን ጨምድዶ ያዘው። «ዓይኔ አለ?»

«አለ» አለ ቀዮ። መኖሩን አያውቅም።

በግቢው የጓሮ በር እህቱ እየሮጠች ወጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ የልብስ ሳሙና ነው። ባሏን ስታይ የለቀቀችው ጩኸት ድንጋይ የያዘውን ሁሉ ባለበት አቆመው። አጠገቡ ተደፋች። ከዚያ የተበጠሰው ክር ወንድሟ እጅ ላይ ተጠምጥሞ አየች። የአጥማጅ ልጅ ናት፤ ምን እንደሚጠየቅ ታውቃለች።

«ጠርተህ ነበር?»

ከጠራ አደጋ ነው፤ ድብድቡንም አካፋ ይዘው የጀመሩት የባለቪላው ሰዎች ናቸው፤ መንገዱ አይዘጋም። ካልጠራ እሱ ወህኒ ይወርዳል፣ እንጀራቸውም እዚህ ላይ ያበቃል።

«ጠርቷል» አለ ጥበቃው። ከንፈሩ ላይ ደም ነበር። «እኔ ነኝ... ሰማሁ፣ ግን ሳልጎነበስ ቀረሁ።»

ቀዮ ያን ጊዜ ያፈረውን ያህል በሕይወቱ አፍሮ አያውቅም። ይኼ ሰው «ኋላ» ተብሎ ሳይጎነበስ የቀረበት ቀን የለም። ቀዮ ዓይኑን አጥፍቶበት እሱ ጥፋቱን ይሸከምለታል!

ጋሽ ዝምታ የተሰበረ ክንዳቸውን እንዳቀፉ «በል እንጂ ልጄ» አሉ። «ሰውየው ራሱ መሰከረልህ። ጠርቻለሁ በልና እንገላገል!»

ባለቪላው ከበረንዳው ወርዶ ስልኩን አስጠጋ። እህቱ ዓይኗን ከወንድሟ አልነቀለችም።

«አልጠራሁም» አለ ቀዮ። «መምጣቱን እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።»

«ወይ አበሳዬ!» አሉ ጋሽ ዝምታ። አንዱ አጥማጅ የያዘውን ድንጋይ ውሃው ውስጥ ጣለና የቀዮ እግር ሥር ምራቁን ተፋ። ባለቪላው ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ የሚፈልገውን አግኝቷል።

እህቱ ተነሥታ ሳሙና በያዘው እጇ ወንድሟን በጥፊ አጮለችው። ቀዮ ጉንጩን አልነካም። ጎንበስ ብሎ አማቹን በአንድ ብብቱ ደገፈው። እሷም የባሏን ሌላውን ብብት ያዘች፤ ተጋግዘው አነሡት።