ተቀምጦ ሰላም አይባልም

ሐረጊቱ መንዳት የተማረችው ወዳ አይደለም፤ ተናዳ ነው። እናቷን እማ አበሩን ኩላሊታቸውን ለማሳጠብ ሆስፒታል የሚያመላልሳቸው ቫን ነበረ። ሾፌሩ በዕብራይስጥ ሮቫ ሔት የሚባለው ሰፈራቸው መጥቶ ሕንጻው ሥር ይቆምና ጡሩምባውን ይለቀዋል። አሮጊቷ በምርኩዝ ደረጃ እስኪወርዱ እሱ የት ይታገሣል! አንድ ቀን አንድ እግራቸውን አስገብተው ሌላው መሬት ላይ እያለ መኪናውን አንቀሳቀሰና ወደቁ። ክንዳቸው ተላጠ። እሱ ይቅርታ እንኳ ሳይል፣ ፈጠን ይበሉ እንጂ ብሎ ተቆጣ። ያኔ ነው ሐረጊቱ፣ ከዛሬ ጀምሮ መንጃ ፈቃዱን፣ ሪሻዮኑን፣ ሳላወጣ እንቅልፍ የለኝም፣ እናቴን እኔው ነኝ የማመላልሳቸው ብላ የማለችው። ባሏ ይታየው፣ ከጎንደር ወደ ዕብራውያኑ አገር የመጣሽው ትናንት፣ ዕድሜሽ አምሳ፣ ምን ነካሽ ብሎ ሳቀባት። ይሳቅ።

መንገዱ ግን ጉድ ነው። ራምዞሩ፣ የትራፊክ መብራቱ፣ ገና አረንጓዴ ሊሆን ሲያስብ ከኋላ ያለው ሁሉ ይጮኻል። ፍሬቻ የሚያሳይ የለም፤ ወዴት እንደሚታጠፍ ለምን ይንገርሽ፣ ምስጢሩ ነው። አንዱ መሀል መንገድ ላይ አቁሞ ከጓደኛው ጋር ያወራል፤ ሲጮኹበት አምስት ጣቱን ቋጥሮ ታገሡ ይላል። ከከተማው ወደብ የሚወጣው ከባድ መኪና ደግሞ በጎንሽ ሲያልፍ ነፍስሽን ይዞት ይሄዳል። ዛዲያ ይኼ ሁሉ ሰው የሚጣደፈው የት ሊደርስ ነው? ቤቱ ገብቶ ሶፋ ላይ ሊጋደም! ጎንደርም ባጃጁ ከአህያው ተደባልቆ ነው የሚሄደው፣ ማን ይዋሻል፤ ግን ሽማግሌ ሲሻገር ባጃጁ ይቆማል። ካልቆመ ሲሰደብ ይውላል።

የመንዳት አስተማሪዋ ራሕሚም፣ አትፍሪ፣ መንገድ አትልቀቂ፣ ጡሩምባ ንፊ ይላት ነበር። ሁሉንም ተማረች፤ ጡሩምባውን ግን እምቢ አለች። ሰው ከብት አይደለም፣ አልነዳውም አለችው። ሲብስበት እጁን በፊቷ አሻግሮ ራሱ ይነፋላት ነበር።

የመጀመሪያውን ቴስት ቀርፋፋ ነሽ ተብላ ወደቀች። ሁለተኛው ላይ ግን እጇ ተፍታታ፤ ከተማው መውጫ አድ ሃሎም ድረስ ወርዳ እንከን ሳይገኝባት ተመለሰች። ፈታኟ ኢላና ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ከጎኗ ተቀምጣለች። ዛሬ ብትወድቅ ሌላ ቀጠሮ እስኪደርስ ብዙ ወር ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ እናቷ ከዚያ ቫን አይወጡም። ይኽን የሐረጊቱ ልብ ያውቃል።

ሰፈሯ አካባቢ የእግረኛ መሻገሪያ ላይ ነጭ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ በምርኩዝ ገቡ። ቆመችላቸው። መኪናው ፊት ሲደርሱ ቀና ብለው መሪ የያዘችው የአገራቸው ሰው መሆኗን አዩና እሳቸውም ቆሙ። እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ቤቱ እንዴት ነው፤ ሰላምታው ቀጠለ። ከኋላ ጡሩምባው ጀመረ።

ራሷን ነቅንቃ ማለፍ ትችል ነበር። ግን ሽማግሌ ቆመው ሰላም ሲሉ ተቀምጦ መመለስ ምን የሚሉት ነውር ነው? ሐረጊቱ ከተወለደች አድርጋው አታውቅም። የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ቀበቶዋን ፈታች፣ በሩን ከፍታ ወረደች። ጎንበስ ብላ ደህና አደሩ አባባ፣ እግዜር ይመስገን አለቻቸው። መንገዱ ሁሉ በጩኸት ሲናጥ ክንዳቸውን ይዛ ቀስ ብላ አሻግራቸው ተመለሰች።

ኢላና መነጽሯን አውልቃ ነበር።

«ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም።»

«ታዲያ ለምን ወረድሽ?»

«እሳቸው ቆመው ነዋ።»

ኢላና ተንፍሳ፣ ሌላው ሁሉ ጥሩ ነበር፣ በቴስት መሀል መኪና ጥሎ መውረድ ግን አይሆንም፣ ወድቀሻል አለቻት።

«ጣይኝ» አለች ሐረጊቱ። «ነገም ቢያጋጥሙኝ እወርዳለሁ።»

አልተጸጸተችም። የእናቷን ነገር እያሰበች ግን ቤቷ እስክትደርስ አለቀሰች። እማ አበሩ ሁሉን ሰምተው የጠየቁት ሰውየው በደህና መሻገራቸውን ብቻ ነው። ተሻግረዋል አለቻቸው። ደግ አደረግሽ አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ቫኑ መጥቶ ጮኸ። ሐረጊቱ ከእናቷ ቀድማ ወረደችና ፊት ለፊቱ መንገዱ መሀል ቆመች። ሾፌሩ ነፋባት። ከኋላው የተሰለፉትም ነፉ። አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እብድ ናት እንዴ አለ። እሷ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ሾፌሩን ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ንፋው» አለችው በሰባራ ዕብራይስጧ። «እናቴ ተቀምጠው ቀበቷቸው ሳይታሰር አንተም አትሄድ፣ እኔም አልሄድ።»

እማ አበሩ አንድ አንድ ደረጃ እየረገጡ ወረዱ። ደጃፉ ላይ ቆም ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጎረቤታቸውን ሊሞርን ደህና ነሽ፣ ልጆችሽስ ብለው ጠየቁ። ሾፌሩ ተራገመ፣ ሰዓቱን አየ፣ መጨረሻ ላይ ሞተሩን አጠፋው። ሐረጊቱ ግን በሩ በእናቷ ላይ እስኪዘጋ ድረስ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።