የመውጫ ዋጋ

የሰረቀኝ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር። አሥር ቀን ሙሉ ክሪፕቶው ይወጣል ባልኩ ጊዜ ወጥቷል፣ ይወርዳል ባልኩ ጊዜም በአብዛኛው ወርዷል፤ ሂሳቤ ግን ፈቀቅ አላለም። በስልኬ መገበያያ አፕ ያስገባሁት ሦስት ሺህ ዶላር ነው፤ የባለቤቴ የእታገኝ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ክፍያ። እሷ አታውቅም። ነገ እስከ እኩለ ቀን ካልተከፈለ፣ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሳንሆዜ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቅኩ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለአክስቴ ልጅ ለዮዳሄ ደወልኩ። ሶፍትዌር ነው የምትሠራው። የሂሳቤን ስክሪንሾት ልኬላት ነበር።

«ማንም አልሰረቀህም» አለችኝ። «ፊውን፣ የሚቆርጡብህን ክፍያ፣ አላየኸውም እንዴ?»

«ዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት ፐርሰንት ነው። ይቺ ደግሞ ምን አላት!»

«የምኑ ፐርሰንት? ሌቨሬጅህ እኮ ሃያ እጥፍ ነው። የቀረውን ከእነሱ ተበድረህ በሦስት ሺህ ዶላር የስልሳ ሺህ ፖዚሽን ይዘሃል፤ ፊው የሚቆረጠው ከስልሳው ነው። ደላላ ኮሚሽኑን ከቀብድህ ነው እንዴ የሚያሰላው? ከቤቱ ዋጋ ነው። ስትገባ ሠላሳ፣ ስትወጣ ሠላሳ። ስንቴ ገብተህ ወጣህ?»

ቆጠርኩት። ሃያ ጊዜ። ሺህ ሁለት መቶ ዶላር!

«አሁን ሦስት ሺህ ስልሳ አምስት ይላል አይደል? መውጫውን ገና አልቀነሰም» አለች። «በማርኬት ሽጠው፤ በተገኘው ዋጋ ማለት ነው። ሠላሳ ፊ፣ ሌላ ሠላሳ ደግሞ ገዢው ዝቅ አድርጎ ስለሚወስድብህ። ሦስት ሺህ አምስት ይተርፍሃል፣ ይበቃሃል። ፕሊስ፣ አሁኑኑ ክሎዝ አድርገው!»

እሺ አልኳት። ጣቴ ግን ስልኩ ላይ ደርሶ ቆመ። አሥር ቀን እንቅልፍ አጥቼ ለአምስት ዶላር? ተናደድኩ። ሌላ መንገድ አለ፤ ሊሚት ይሉታል። የራስህን ዋጋ ትጠራለህ፣ ገዢ እስኪመጣ ትጠብቃለህ፣ ፊውም ያንሳል። ከገበያው ትንሽ ከፍ አድርጌ ጠራሁ። ወዲያው ወደ ኦክላንድ፣ ቴሜስካል የሚሄድ ተሳፋሪ መጣልኝ።

እስከ ሄይዋርድ ድረስ ዋጋው ወደኔ እየወጣ ነበር። የጠራሁት ላይ ሊደርስ አንድ ሳንቲም ሲቀረው ቆመ። ከዚያ መውረድ ጀመረ። የአፑ ማስጠንቀቂያ ስልኬ ላይ በከፈትኩት ካርታ ላይ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ብቅ ይላል። ሃያ እጥፍ ስለያዝኩ አምስት ፐርሰንት ከወረደ ያስገባሁት ሁሉ አለቀ። መኪናው ፍጥነት ላይ ነው፤ ሰው ጭኜ ስልክ ልነካካ? ላቁም? የት? ዓይኔ ከመንገዱ ወደ ስልኩ ይመላለሳል።

«አር ዩ ኦኬ?» አለኝ ከኋላ ተሳፋሪው።

«ፋይን፣ ፋይን» አልኩት። ፈርቼ ነበር፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ቴሜስካል አውርጄው ስልኩን አነሳሁ። አፑ ፖዚሽኔን ራሱ ሸጦ ዘግቶታል። ቀሪ ሂሳብ፦ አርባ አንድ ዶላር።

ሪችመንድ ቤት ስደርስ እታገኝ የነርስ ዩኒፎርሟን እየለካች ነበር። ቁጭ በይ ብዬ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት።

«ዮዳሄ ዝጋው ስትልህ ብትዘጋው ስንት ይወስዱብህ ነበር?» አለችኝ።

«ስልሳ ዶላር።»

ዩኒፎርሙን ቀስ ብላ አወለቀችው።

«እኔ ከስልሳ ዶላር አነስኩብህ?»